የኮፈን መቀርቀሪያና የቀለም ገጣባ

ኮፈን ከሚያርፍበት የላሜራ ከንፈር ላይ፣ መቀርቀሪያው ከሚገባበት ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ የሦስት ቀን ጨረቃ የመሰለ ጭረት ያየ ባለመኪና በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የሰፈሩን ልጆች ነው፤ ቀጥሎ መኪና አጣቢውን፣ ከዚያም መካኒኩን ያማል። በመጨረሻ ግን፣ ኮፈኑን ደጋግሞ ከፍቶና ዘግቶ፣ የመንጠቆውንም ጫፍ በጣቱ ዳብሶ ከመረመረ በኋላ፣ በዳዩ ያው ኮፈኑን ሊጠብቅ የተሠራው መቀርቀሪያ እንደ ሆነ ይረዳል። እኔም በአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ላይ ይህንኑ ዘግይቼ ከተረዳሁ ወዲህ፣ ጠባቂ የተባለው ነገር የሚጠብቀውን እንዲጎዳ ያደረገው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ ስከታተል፣ የመኪና ቀለምና የኮፈን መቀርቀሪያ ከመቶ ዓመት በላይ አብረው የኖሩ፣ ነገር ግን አንድም ቀን በፍቅር ያልኖሩ ባልንጀሮች ሆነው አገኘኋቸው።

ስለ ስሙ አስቀድሞ ጥቂት መናገር ይገባል። በጋራዦቻችን «ኮፈን» የሚባለው ቃል ከኢጣልያንኛው «ኮፋኖ» የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ሣጥን ማለት ነው፤ ከእርሱም ጋራ ፍሪሲዮንና ካንዴላ፣ ፓራፋንጎና ስቱኮ ወደ ልሳናችን ገብተዋል፤ የተጎዳውን ላሜራ እየቀጠቀጠ የሚያቃናው ባለሙያም እስከ ዛሬ ባትላሜራ ይባላል። እንግሊዞች ግን ይህንኑ ክፍል «ቦኔት» ሲሉ ከአገጭ ሥር በጥብጣብ የሚታሰረውን የሴት ቆብ ማለታቸው ነው፤ አሜሪካኖች «ሁድ» ሲሉ የመነኩሴ መከናነቢያ የመሰለውን ያስባሉ፤ ጀርመኖችም «ሃውበ» ብለው እንዲሁ በራስ መሸፈኛ ስም ይጠሩታል። ይህ ልዩነት ለቋንቋ ሊቅ ከሚሰጠው ደስታ በቀር ለጉዳያችንም የሚጠቅም ነገር አለው፤ ቆብ በጥብጣብ ይታሰራል፣ ሣጥን ግን በቁልፍ ይዘጋል፤ የኮፈንም ታሪክ በአጭሩ ከማሰሪያ ወደ ቁልፍ የተደረገ ጉዞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1886 ካርል ቤንዝ የፈጠራ መብት ያወጣላት ባለ ሦስት እግር ሠረገላ ኮፈን የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ሞተሯ ከመቀመጫው በስተኋላ ተጋድሞ በገሃድ ይታይ ነበርና። (የውጭውን አገር ዘመን በኤውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ።) ሞተርን ወደ ፊት አምጥተው በሽፋን ውስጥ ያኖሩት በ1891 ፓናርና ሌቫሶር የተባሉት የፈረንሳይ ሠሪዎች ናቸው። ከዚያም በ1901 ቪልሄልም ማይባክ የነደፈው መርሴዲስ ራዲያተሩን እንደ ቤተ መቅደስ ደጃፍ በግንባሩ ላይ ባቆመ ጊዜ፣ ኮፈን ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ይዞት የሚኖረውን መልክ አገኘ፤ ይኸውም ከራዲያተሩ አንሥቶ በሾፌሩ ፊት እስካለው ግንብ የተዘረጋ፣ በመካከሉ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ በግራና በቀኝ ክንፎቹን የሚያነሣ የላሜራ ጣሪያ ነበር።

በዚያ ዘመን የመኪናን ገላ የሚቀቡት የፈረስ ሠረገላ ቀቢዎች የነበሩት ሰዎች ነበሩ፤ ጥበባቸውንም ያመጡት ከነትዕግሥቱ ነው። ከተልባ ቅባትና ከዛፍ ሙጫ የተዘጋጀውን ቀለምና ቫርኒሽ በእንስሳት ጠጉር ብሩሽ እየነከሩ በእጃቸው ይቀባሉ፤ አንዱ ንብርብር በገዛ ጊዜው እስኪደርቅ ቀናት ይጠብቃሉ፤ ሲደርቅም እሳተ ገሞራ ከሚተፋው ሸካራና ቀላል ድንጋይ በወጣ ዱቄትና በውሃ እያሹ ያለዝቡታል፤ ደግሞ ሌላ ንብርብር ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ አሥርና ከዚያም በላይ ጊዜ እየተደጋገመ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። የመጨረሻው ቫርኒሽ በሚቀባበት ክፍል ውስጥ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉ በውሃ ይርሳል፤ በሩም ይዘጋል፤ ቀቢው የሚለብሰው ልብስ እንኳ ክር የማይረግፈው እንዲሆን ይጠነቀቅ ነበር። እንዲህ ተደክሞበት የወጣው ኅብር መልክን እንደ መስተዋት መልሶ የሚያሳይ ቢሆንም ከሥሩ ለስላሳ ነው፤ ቅባት የወለደው ነገር ነውና ለረጅም ጊዜ የተጫነውን ነገር አሻራ ይቀበላል። እንግዲህ ሁለት ወር ሊሞላ የቀረበው ድካም ያረፈበትን ገላ የሚያስረው ነገር ምን እንደ ነበረ መመልከት ያሻል።

የሚያስረው በጎኑ ያሉት ባለ ስፕሪንግ መያዣዎች ነበሩ፤ በፈጣኖቹ መኪናዎች ላይ ግን በእነርሱ ላይ የሚታከል፣ ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር አቅፎ በዘለበት የሚጠብቅ ሰፊ የቆዳ ጠፍር ይጨመር ነበር። በ1919 የተቋቋመው የእንግሊዙ የቤንትሌ ፋብሪካ በለማን ከተማ የሃያ አራት ሰዓት ውድድር በ1924፣ ከዚያም ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ ባሸነፈ ጊዜ፣ እነዚያ ግዙፍ አረንጓዴ መኪናዎች ደረታቸውን እንደ ተዋጊ በጠፍር ታጥቀው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። ጠፍሩ ለማየት የሚያምር፣ ለማመንም የሚያስደፍር ነው፤ አንድ ቀን ፈትቶ ከሥሩ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የመንገዱ አቧራ በቆዳውና በቀለሙ መካከል ይገባል፤ መኪናይቱ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ቆዳው በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ትቢያውም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቫርኒሹን ይፍቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠፍሩ ባለፈበት ሁሉ ቀለሙ ፈዝዞ፣ ዘለበቱ ባረፈበት ደግሞ እስከ ብረቱ ተልጦ ይገኛል። ከበቅሎ ጀርባ ላይ ኮርቻ አንሥቶ ገጣባ ያየ የአገራችን ሰው ቢሆን ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚ ባላስፈለገው።

የጎኑም መያዣዎች ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። እጀታው ተጎትቶ ከአፉ ሲላቀቅ በስፕሪንጉ ኃይል ተመልሶ የኮፈኑን ጎን ይደልቃል፤ ሁልጊዜም አንዱን ስፍራ ስለሚመታ፣ ሞተሩ በየዕለቱ በሚታይበት በዚያ ዘመን ቁስሉ ለመድረቅ ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ እጀታው ከሚወድቅበት ላይ የልብስ ቁልፍ ያህል ክብ ጎማ ወይም ቆዳ መለጠፍ ልማድ ሆነ።

ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ከዓይን የተሰወረው ነው። ኮፈኑ በፊት በራዲያተሩ ቅርፊት ላይ፣ በኋላም በሾፌሩ ፊት ባለው የላሜራ ግንብ ላይ ያርፋል፤ የዚያን ዘመን መኪና አጥንት ግን በመንገዱ ወጣ ገባ እየተጣመመ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ ላሜራዎች ሲነካኩ ድምፃቸው ይረብሻል፣ ቀለማቸውም ይበላላል። ለዚህ መድኃኒቱ በማረፊያው ዳር ሁሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሾለከ የሚሰፋ ወይም በጥቃቅን ምስማር የሚያዝ፣ የፋኖስ ክር የመሰለ ወፍራም የጥጥ ጥብጣብ ነበር። ኮፈኑ ሲዘጋ በብረት ላይ ሳይሆን በጥጥ ላይ ይተኛል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ የብራና መጻሕፍታችን ነገር ነው። በገዳማት በተጠበቁ ብዙ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሥዕል ባለበት ገጽ ራስጌ ላይ ቀጭን ሐር ወይም የጥጥ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተሰፍቶ ይገኛል፤ መጽሐፉ ሲዘጋ የሚገናኘው ገጽ ቅዱሱን ሥዕል እንዳይፍቀው ማለት ነው። ቁም ጸሐፊውና የእንግሊዙ ሠረገላ ሠሪ ከቶ አይተዋወቁም፤ ነገር ግን የተቀባ ገጽ ደጋግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ምን እንደሚደርስበት ሁለቱም በጣታቸው ያውቁ ነበርና፣ መልሳቸው አንድ ሆነ።

ወደ አገራችን የመጀመሪያዪቱ መኪና የገባችው በዚህ በጠፍርና በመያዣ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ፣ ለአውቶሞቢል ተብሎ ያልተጠረገውን በረሃና አቀበት አልፎ አዲስ አበባ ገባና መኪናዪቱን ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ስሙ ኋላ ከተነሣው ፋብሪካ ስም ጋራ ቢገጥምም መኪናዪቱ ሲድሌይ ነበረች። በዚያው ዓመት ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ናክ የተባለችውን መኪና አምጥቶ ተከተለው። የጉዞውን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ስለ ወንዙ፣ ስለ ገደሉና ስለ ሕዝቡ መደነቅ ይናገራሉ እንጂ፣ ስለ ቀለሙ የሚናገር የለም። ከዚያ ሁሉ አሸዋ በኋላ የኮፈኗ ጎን ምን መስሎ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንደ ቀረበ ማሰቡ ግን እንደ እኔ ላለ ሰው ከገደሉ ይልቅ ያስደነግጣል።

ከዚህ በኋላ ቀለሙ ራሱ ተለወጠ። ሄንሪ ፎርድ በ1913 ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መሥመር ካቆመ ወዲህ፣ ሳምንታት ቆሞ የሚደርቅ ቀለም የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም፤ ስለዚህም ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የምትባለው መኪናው ሬንጅ ባለበት፣ በምድጃ በሚደርቅ ጥቁር ቀለም ብቻ ትወጣ ነበር። በ1923 ደግሞ የባሩድ ሠሪው ዱፖንት ከጄኔራል ሞተርስ ጋራ ያዘጋጀው፣ ዱኮ የተባለው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ኦክላንድ በተባለችው ሰማያዊ መኪና ላይ ታየ። ይህ ቀለም መነሻው ጥጥ ነው፤ ጥጡ በአሲድ ሲታሸ ባሩድም ቀለምም ይሆናል፤ በመርጫ ይረጫል፤ የሳምንታቱንም ነገር ወደ ሰዓታት አወረደው። የቀቢዎችን ጀርባ ያሳረፈ፣ የመኪናን ዋጋ ያወረደ፣ ለሕዝቡም ልዩ ልዩ ኅብር ያደለ ነውና ክብር ይገባዋል። ዳሩ ግን ጠንክሮ የሚደርቅ ነገር ሲመታ ይሰነጠቃል፤ የቀድሞው ቫርኒሽ አሻራ የሚቀበለውን ያህል አዲሱ ይቀረፍ ጀመር፤ ስለዚህ ጭረቱ ጠባዩን ለወጠ እንጂ አልቀረም።

በ1930ዎቹ ደግሞ ኮፈኑ ራሱ ተለወጠ። በ1935 መጨረሻ ጎርደን ቡሪግ የነደፋት ኮርድ 810 በኒውዮርክ በታየች ጊዜ፣ ኮፈኗ ሁለት ክንፍ ያለው መጽሐፍ ሳይሆን ከኋላው ተይዞ ከፊት የሚነሣ አንድ ወጥ ክዳን ነበር። አዞ አፉን እንደሚከፍት ያለ ስለ ሆነ በአዞ ስም ጠሩት፤ ይህም አከፋፈት ከጦርነቱ በኋላ በዓለም ሁሉ ነገሠ። ጠፍሩና የጎን መያዣው ጠፉ፤ መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ፤ ገላው ከውጭ ንጹሕ ሆነ። ነገር ግን ከፊት የሚከፈት ክዳን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ መቀርቀሪያው በመንገድ ላይ ቢከዳ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሣውና በሾፌሩ ዓይን ፊት እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። ይህንንም ለመከላከል ሁለተኛ መያዣ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቢከዳ ክዳኑን የሚይዝ መንጠቆ ተጨመረ፤ በአሜሪካ ከ1969 ጀምሮ በሕግ ታዘዘ። ሕጉ የሰውን ሕይወት ስላዳነ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ጭረቱ ግን ያኔ ከጎን ተነሥቶ ወደ ከንፈር ሄደ፤ ምክንያቱም መንጠቆው ከማንኛውም ጠፍር ይልቅ ስለታም ነው፤ ክዳኑ ጥቂት ተዛንፎ ሲወርድ ቀዳዳውን ስቶ ቀለሙን ያገኛል፤ ክዳኑን ለመክፈት የመንጠቆውን ምላስ በጨለማ የሚፈልግ እጅም፣ ቀለበት ያደረገ እንደ ሆነ፣ የራሱን ድርሻ ይጨምራል።

የተሰወረውን መቀርቀሪያ መልሶ ወደ ውጭ ለማውጣት የሞከረም አለ። በመጋቢት 1961 በጄኔቭ የታየችው ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ ብዙዎች ከመኪናዎች ሁሉ የተዋበች የሚሏት፣ ግንባሯ በሙሉ ከነፓራፋንጎው አንድ ኮፈን ሆኖ ወደ ፊት ይገለበጥ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹም አምስት መቶ ያህል መኪናዎች ላይ መቀርቀሪያው በግራና በቀኝ ጎን ከውጭ በኩል የሚገኝ፣ የመስቀል እጀታ ባለው ልዩ ቁልፍ የሚዞር ነበር። እንደዚያ ባለ ገላ ላይ የብረት ቁልፍ ይዞ መቅረብ ማለት፣ እጅ አንድ ጊዜ ቢያዳልጥ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያሻም። ሠሪዎቹ ያው ዓመት ሳያልቅ መክፈቻውን ወደ መኪናዋ ውስጥ አስገቡት። ዛሬ ግን የዓለም ፍርድ ግራ ነውና፣ ያቺ ከውጭ የምትቆለፈው ከሌሎቹ ይልቅ በብዙ ገንዘብ ትፈለጋለች።

ወደ ቮልስዋገን ልመለስ። ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ የተሠራችው ይህች ጥንዚዛ መሰል መኪና በአዲስ አበባ አቀበት ላይ ምን ያህል እንደ ተወደደች የማያውቅ የለም፤ ሞተሯ ከኋላ በመሆኑም ከፊት ያለው ኮፈን በእውነት ሣጥን ነው፤ ትርፍ ጎማ፣ ሻንጣና የቤንዚን ጋን ይቀመጡበታልና የኢጣልያንኛው ስም ከማንም ይልቅ ለእርሷ ይገባል። ታዲያ በ1967 አጋማሽ የቤንዚን መቅጃው በጎኗ እስኪወጣላት ድረስ፣ ጋኑ የሚሞላው በኮፈኑ ሥር ነበረ። ይህ ማለት ሌላ መኪና በወር አንድ ጊዜ የሚከፍተውን ክዳን የቮልስዋገን ባለቤት ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ይከፍታል ማለት ነው፤ ከዚህም የባሰ፣ የሚዘጋው እርሱ አይደለም፤ ሰልፍ ያስቸኮለው ቀጂ ነው። የእኔዪቱ የዚያ ዘመን ልጅ ስለ ሆነች፣ ከንፈሯ ላይ ያለችው ጨረቃ የስንት ቀጂ መዳፍ እንደ ጻፋት አምላክ ይወቀው።

በመጀመሪያ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት፤ በከንፈሯ ላይ ወፍራም ጎማ ለጥፈው፣ ገንዘብ ተቀብለው ሰደዱኝ። ክረምቱ ሲያልፍ ጎማው ሥር ውሃ ተኝቶ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አበጠ፤ ሲነቀልም ከነቀለሙ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ ነው ሰዎች መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ የላኩኝ። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ተመለከቱ፤ ከዚያም ከኪሳቸው የትምህርት ቤት ጠመኔ አውጥተው የመቀርቀሪያውን ሹል ጫፍና የመንጠቆውን አፍንጫ ነጭ አደረጉ፤ ክዳኑንም ሕፃን እንደሚያስተኙ በሁለት እጃቸው አወረዱትና መልሰው አነሡት። ነጩ ምልክት ከቀዳዳው አጠገብ፣ በጨረቃዪቱ ሆድ ውስጥ ተገኘ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፤ (ጠጉሬ ከእርሳቸው ጠጉር ባልተናነሰ መልኩ ሸብቷል፤ ነገር ግን ልጄ መባሉን አልጠላሁትም፤) «ስቶ ነው የሚገባው። ጎማ ብትለጥፍበት ጎማውን ይበላዋል፤ ብረት ብትለጥፍበት ብረቱን። መጀመሪያ መንገዱን አሳየው።»

ማሰሪያ ብሎኑን አላልተው ሹሉን በካቻቢቴ ግማሽ ዙር አዞሩት፤ ታችኛውን ሰሌዳ ፈትተው የጠመኔ ውፍረት ያህል ወደ ግራ ገፉት፤ የመንጠቆውን ጫፍ በሞረድ አለዘቡት። ክዳኑን ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ጠመኔውን አዩ፣ ደግመው ገፉ። ይህን ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ ካደረጉ በኋላ ብቻ ነው ወደ ቀለሙ የመጡት። ከአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የአሮጌ ጫማ ምላስ አወጡ፤ የጥፍር ስፋት ያህል ሁለት ቁራጭ ቆረጡለት፤ ከመለጠፋቸው በፊት ግን በምድጃ ዳር አሙቀው ጧፍ አሹበት። ሰም ያልጠጣ ቆዳ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ የጠጣ ቆዳም ዝገት ይወልዳል አሉ። ሰም በጠጣው በኩል ሳይሆን በጀርባው ማስቲሽ ቀቡና መንጠቆው ሊያርፍ ከሚችልበት ግራና ቀኝ ለጠፉት። ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚሆን፣ በቬትናም ጦርነት ለሄሊኮፕተር መዘውር መከላከያ ከተሠራው ፕላስቲክ የተወለደ፣ ዓይን የማያየው ስስ ልባስ እንዳለ ነገርኋቸው። በትሕትና አዳመጡኝና፣ «ጥሩ ነው፤ የማይታይ ነገር ሲበላሽም አይታይም» ብለው የጫማውን ትራፊ ወደ ሣጥናቸው መለሱ።

ጨረቃዪቱን በቀለም አልሸፈንኋትም፤ ሽማግሌውም አልመከሩኝም። ቤንዚን በምቀዳበት ቀን ግን ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ፤ ቀጂው ቧንቧውን ሲያወጣ ቀድሜው ከኮፈኑ ፊት እቆማለሁ፤ መዳፎቼን በሁለቱ ጠርዝ ላይ ዘርግቼ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ፤ ሹሉ ቀዳዳውን ሲያገኝ የሚሰማውን ያንን ደብዛዛ የቆዳና የብረት ድምፅ እስክሰማ ድረስም አልጫንም። ከኋላዬ የተሰለፉት ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ።